8 ኦም አቴንዩተርና ስፒከር ሲሙሌተር ጎንደር ላይ ልሸጥ ነው፦ ምን ልፈትሽ፣ ምን ልጻፍ፣ ስንት ልበል?

ማራኪ_ስድስት_ክር

ጤና ይስጥልኝ። የሚሸጠው ዕቃ ቱ ኖትስ ቶርፒዶ ካፕተር የሚባል አቴንዩተር (የአምፕ ድምፅ መቀነሻ) ነው፤ 8 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ)፣ 100 ዋት። ከቲዩብ አምፕ (በመስታወት ቲዩብ ከሚሠራ የጊታር ድምፅ ማጉያ) የስፒከር መውጫ ተቀብሎ ድምፁን በ20 ዴሲቤል ቀንሶ ወደ ካቢኔት (የስፒከር ሳጥን) ይልካል። በዲአይ መውጫው ደግሞ የስፒከር ሲሙሌተሩን (የጊታር ስፒከርን ድምፅ አስመሳዩን) ድምፅ ለሚክሰር ይሰጣል። ካርቶኑ የለም። ብሎኖቹ አልተነኩም። የአምፕ መግቢያው ጃክ ትንሽ የላላ ይመስላል። አብሮት አንድ ሜትር ገመድ አለ፤ የጊታር ይሁን የስፒከር የሚገልጽ ጽሑፍ ግን የለበትም።

እጄ ላይ ቲዩብ አምፕ የለም። መልቲሜትር፣ ባለ ሁለት ቻናል ፓወር አምፕ፣ 8 ኦም ስፒከርና ትንሽ ሚክሰር አለኝ። በነዚህ ምን ያህል መፈተሽ ይቻላል? ጎንደር ውስጥስ ለማን ይሸጣል? ዋጋውስ እንዴት ይተመናል?

ያዘጋጀሁት ማስታወቂያ ይህ ነው፦ «ለማንኛውም ጊታር አምፕ የሚሆን፣ ድምፅን ወደ ዜሮ የሚያወርድ፣ በጣም አሪፍ ዕቃ። ምንም ያልተነካ። ዋጋ በውስጥ መስመር።» አስተካክሉልኝ።

ብየዳ_አዘዞ

ወንድሜ፣ «ለማንኛውም ጊታር አምፕ የሚሆን» የምትለውን ዛሬውኑ ሰርዛት። ያቺ አንድ መስመር የሰው አምፕ ታቃጥላለች። ይህ ዕቃ የሚሆነው 8 ኦም መውጫ ላለው ቲዩብ አምፕ ነው። ካፕተር በ4፣ በ8 እና በ16 ኦም ለየብቻ የተሠራ ነው። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ የኦም መቀያየሪያም የላቸውም። ስለዚህ ኦሙን ከማስታወስህ ሳይሆን ከራሱ ከዕቃው ላይ አንብበህ ጻፍ፣ ፎቶውንም አንሳ።

ልዩነቱ ለምን ያሳስባል? ቲዩብ አምፕ ከቲዩቦቹና ከስፒከሩ መካከል የአውትፑት ትራንስፎርመር አለው። ትራንስፎርመሩ በስፒከር በኩል ያለውን ኦም አባዝቶ ለቲዩቦቹ ያሳያል። የ16 ኦም መውጫ ላይ 8 ኦም ስትሰካ ቲዩቦቹ የሚያዩት ጭነት በግማሽ ይወርዳል፤ ከታሰበላቸው በላይ ከረንት ያሳልፋሉ፣ ይግላሉ፣ ዕድሜያቸው ያጥራል። የ4 ኦም መውጫ ላይ 8 ስትሰካ ደግሞ በተቃራኒው ቮልቴጁ ይወጣል። ከሁሉም የከፋው ምንም ያልተሰካበት ወይም ጃኩ የተላቀቀበት ጊዜ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል መውጫ ሲያጣ በቲዩቦቹ በኩል ያለው ቮልቴጅ ከ1000 በላይ ይዘልና የቲዩብ መቀመጫው ላይ ብልጭታ ይፈጥራል፣ አለዚያም የትራንስፎርመሩን ሽቦ ሽፋን ይበሳል። የላላ ጃክ ሌላ ዕቃ ላይ ቢሆን ቻ ቻ ከማለት አያልፍም፤ እዚህ ግን አምፕ ይገድላል። ጃኩን ሳትጠግን ለማንም አታሳይ።

ገዢ ሲደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው የአምፑን ሞዴል ነው። ፌንደር ብሉስ ጁኒየርና ሆት ሮድ ዴሉክስ ውስጣቸው ያለው ስፒከር 8 ኦም ነው፤ ይሆናሉ። ትዊን ሪቨርብ 4 ኦም ነው፤ አይሆንም። ማርሻል ጄሲኤም 800 መምረጫ ስላለው 8 ላይ ይደረጋል። ሞዴሉን የማያውቅ ከሆነ ከአምፑ ጀርባ የስፒከር መውጫውን ፎቶ አንስቶ ይላክልህ።

ፌንደር ኮምቦ (አምፕና ስፒከር በአንድ ሳጥን) ላለው ሰው አንድ ነገር ጨምረህ ንገረው። በብዙዎቹ ላይ ሁለት የስፒከር ቀዳዳ አለ፤ ዋናውና ተጨማሪው። ዋናው ባዶ ሲሆን መውጫውን በራሱ ሾርት የሚያደርግ ማብሪያ አለው። ስለዚህ የውስጡን ስፒከር ነቅሎ አቴንዩተሩን ተጨማሪው ላይ ቢሰካ አምፑ ሾርት ላይ ነው የሚሠራው። ነቅሎ እዚያው ዋናው ላይ መሰካት አለበት።

ዋቱንም በግልጽ ጻፍ። «100 ዋት» የተባለ አምፕ ቁጥሩ የተሰጠው ድምፁ ሳይዛባ ነው። እስከ ጥግ ተከፍቶ ሞገዱ አራት ማዕዘን እየሆነ ሲሄድ የሚወጣው ኃይል ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ይህን ዕቃ ከ50 ዋት በታች ላለው አምፕ እስከ ጥግ፣ ለ100 ዋቱ ግን በልኩ ብለህ ብትሸጠው ሐቅ ነው። የሚውጠው ኃይል በሙሉ ሙቀት ይሆናልና ዙሪያውን አየር ይፈልጋል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ የዕቃው ማቀዝቀዣ ፋንም በዚያው ልክ ያነሰ ሙቀት ይወስዳል። አምፕ ጀርባ አስጠግቶ ወይም በጨርቅ ሸፍኖ ማሠራት አይገባም።

አሁን ወደ ፍተሻው። መልቲሜትሩን 200 ኦም ላይ አድርገህ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች አገናኝና የራሱን ንባብ ያዝ፤ 0.2 ወይም 0.3 ይላል። ከዚያ ገመዱን መግቢያው ላይ ሰክተህ በሌላኛው በኩል ባለው ጃክ ጫፉንና እጀታውን ለካ። የዲሲ ንባቡ ልክ 8 መሆን የለበትም፤ 8 ኦም የሆነ ስፒከር እንኳ ሲለካ 6 ወይም 7 ነው የሚሰጥ። መጥፎው ምልክት ዜሮ አጠገብ መሆኑ፣ መስመር የለም ማለቱ፣ ወይም ቁጥሩ መዝለሉ ነው። ጃኩን ወደ ግራ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ወደ ታች በቀስታ እየገፋህ ቁጥሩን ተመልከት።

ቀጥሎ በፓወር አምፑ። ከሁሉ በፊት ግን አምፑ ጠፍቶ ሳለ የስፒከር መውጫውን አሉታዊ ጫፍና የአምፑን ብረት አካል ለካ። ከ1 ኦም በታች ካልሆነ አታገናኘው። አንዳንድ አምፖች፣ በተለይ ክላስ ዲ የሆኑትና በብሪጅ የተገናኙት፣ ሁለቱም ጫፋቸው ሲግናል ይይዛል። አቴንዩተሩ በዲአዩ ገመድ ከሚክሰሩ መሬት ጋር ሲገናኝ አንዱን ጫፍ ሾርት ያደርግብሃል።

ይህን ካለፈ ከስልክህ 400 ኸርዝ ሳይን ቶን አጫውተህ አምፑን ከዜሮ ቀስ እያልክ ክፈት። መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ መግቢያው ላይ 8.9 ቮልት ስታገኝ አቁም፤ 8 ኦም ላይ ያ 10 ዋት ማለት ነው። ኦሙ እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ስለሚለዋወጥ 400 ኸርዝ የመረጥኩት ከስሙ ጋር የሚቀራረብበት አካባቢ ስለሆነ ነው፤ ርካሽ መልቲሜትርም ከዚያ በላይ ያለውን በደንብ አይለካም። አሁን 8 ኦም ስፒከርህን በአቴንዩተሩ መውጫ ላይ ሰክተህ እዚያ ለካ። 20 ዴሲቤል መቀነስ ቮልቱን አንድ አሥረኛ ማድረግ ነውና 0.9 አካባቢ መምጣት አለበት። 0.7 ወይም 1.1 ቢመጣ አትደናገጥ፤ 4 ወይም ዜሮ ቢመጣ ግን ውስጡ የተበላሸ አለ። በ10 ዋት 15 ደቂቃ አቆየው። ለብ ይላል እንጂ የተቃጠለ ነገር ሊሸት አይገባም።

ሚክሰር_ጀርባ

የጋሼን መልስ ያነበበ በአምፕ በኩል ምንም አይጎድለውም። እኔ በሚክሰር በኩል ልጨምር፤ ጎንደር ላይ ገዢው የሚመጣው ለዚያኛው ወገን ይመስለኛልና።

ዲአዩ ያለ ኃይል አይሠራም። ወይ ከሚክሰሩ 48 ቮልት ፋንተም (ሚክሰሩ በማይክ ገመዱ በኩል የሚልከው ኃይል)፣ ወይ የራሱ አዳፕተር ይፈልጋል። ብዙ ሰው ድምፅ አጥቶ «ተበላሽቷል» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ፌደሩን (የቻናሉን ድምፅ ማንሸራተቻ) ዝቅ፣ ኤክስኤልአሩን (ባለ ሦስት ፒን የማይክ ገመዱን) ሰካ፣ ፋንተሙን አብራ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቅ፣ ከዚያ ጌይኑን። ፋንተም በርቶ ሳለ ገመድ ብትነቅል የሚወጣው ጩኸት የሆቴሉን ስፒከር ሊጎዳ ይችላል። ርካሽ ሚክሰሮች ላይ ፋንተሙ ለሁሉም ቻናል በአንድ ቁልፍ ስለሚበራ ሌላው ቻናል ላይ ምን እንደተሰካ አስቀድመህ እይ። እም የሚል ድምፅ ከመጣ አምፑና ሚክሰሩ ከአንድ የኃይል ማከፋፈያ ይውሰዱ፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ያበቃል። የአምፑን ሦስተኛ ፒን ቆርጦ ዝም ለማሰኘት የሚሞክር ሰው ካየህ ከልክለው፤ ያ ፒን ለነፍስ ነው።

ዕቃው ላይን አውት የሚባል ሌላ መውጫም አለውና እሱንና ዲአዩን ለገዢ ለይተህ አስረዳ። ላይን አውቱ ጥሬውን የአምፕ ድምፅ ነው የሚሰጥ። የጊታር ስፒከር ከ5000 ኸርዝ በላይ ያለውን ይቆርጠዋል፤ ቪንቴጅ 30 የተባለው የሴለስሽን ስፒከር አምራቹ የሰጠው ክልል ከ70 እስከ 5000 ኸርዝ ነው። ያ ሳይቆረጥ በቀጥታ ወደ ሳውንድ ሲስተም ከገባ ዲስቶርሽኑ ቆርቆሮ ላይ እንደሚርመሰመስ ንብ ይሆናል። ሲሙሌተሩ የሚሠራው ሥራ ይህንኑ መቁረጥና ወፍራሙን ማስተካከል ነው። ኮምፒውተር ላይ የካቢኔት አይአር (የካቢኔትን ድምፅ የሚያስመስል ፋይል) የሚጭን ሰው ግን ላይን አውቱን ይውሰድ። በሲሙሌተር ያለፈውን እንደገና በአይአር ካሳለፈው ሁለት ጊዜ ይቆረጥና ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ ጊታር ይሆንበታል።

«ድምፅን ወደ ዜሮ የሚያወርድ» ያልከው ላይ እውነቱን በቁጥር እናስቀምጥ። 20 ዴሲቤል መቀነስ ኃይሉን አንድ መቶኛ ማድረግ ነው፤ 40 ዋቱ 0.4 ዋት ይሆናል። ቪንቴጅ 30 በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት 100 ዴሲቤል ይሰጣል። ስለዚህ 40 ዋቱ በቀጥታ 116 ይሆን ነበር፣ በአቴንዩተሩ 96 ይሆናል። ለጆሮ ሩብ ገደማ ሆነ ማለት ነው፤ ግን ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት አሁንም ሙሉ ዘፈኑን ይሰማዋል። ሌሊት ቤት ውስጥ ለመለማመድ የሚገዛ ሰው ካቢኔቱን ሳይሰካ በዲአዩ ወደ ሚክሰር ወይም ኦዲዮ ኢንተርፌስ አስገብቶ በሄድፎን ይስማ። ጭነቱ በራሱ አምፑን ስለሚይዝለት ያለ ካቢኔት መጫወት ይችላል። ከአምፑ ውስጥ ቀጭን የሚዘምር ድምፅ ቢሰማ ትራንስፎርመሩ ነው፤ ጉድለት አይደለም።

ሲሞክሩት «ድምፁን ገደለው» የሚል ገዢም ይኖራል። ድምፅ ሲቀንስ ጆሮ ራሱ ወፍራሙንና ቀጭኑን አሳንሶ ይሰማል፤ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለክተው ያሳዩት ነገር ነው። ቤዙንና ትሬብሉን ትንሽ ጨምሮ እንደገና ያዳምጥ።

ስለ ገዢዎች፦ የሆቴልና የባህል ምሽት ጊታሪስት አብዛኛውን ጊዜ ንጹህ ድምፅ፣ ትንሽ ኮረስና ሪቨርብ ነው የሚጠቀም። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ ችክችካም ቢሆን አምፑን እስከ ጥግ መክፈት አይጠይቅም። ለእሱ አቴንዩተሩ ሳይሆን ዲአዩ ነው የሚጠቅመው፤ ማይክ ሳይቆም፣ ከበሮው ሳይገባበት ለሚክሰር ንጹህ መስመር ያገኛል። ብሉስና ሮክ የሚጫወት፣ ወይም ቤቱ ስቱዲዮ ያለው ሰው ሁለቱንም ይፈልጋል። ትራንዚስተር አምፕ ያለውን ግን በቅንነት መልሰው። እሱ ቮልዩሙን ቢቀንስ ድምፁ አይለወጥበትም፤ ይህን ገዝቶ የሚያተርፈው የለም። እንደ ማየው መድረክ ላይ ያለው አብዛኛው ጊታር ከመልቲ ኢፌክት ፔዳል በቀጥታ ወደ ሚክሰር የሚገባ ነው። ያንን የለመደ ሰው ፔዳሉ ውስጥ ሲሙሌተር ስላለው ሁለተኛ አያስፈልገውም።

ለማሳያው ቪዲዮ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፣ ሳይቆረጥ። ገመዱ ከአምፕ ወደ አቴንዩተር ሲገባ፣ ዲአዩ ወደ ሚክሰር ሲሄድ ይታይ፤ ድምፁን ከሚክሰሩ የቀረጻ መውጫ ውሰድ እንጂ በስልኩ ማይክ አይሁን። በስልክ ማይክ የተቀዳ ስፒከር ሲሙሌተር ማንም ሊፈርደው አይችልም።

ማራኪ_ስድስት_ክር

ሁለታችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካሁት። የመልቲሜትሩ ጫፎች 0.3 አሉ። መግቢያው ላይ 6.9 ይላል፤ ጃኩን ወደ ታች ስጫነው ግን ቁጥሩ ጠፍቶ «ኦኤል» (መስመር የለም) ይላል፣ ስለቀው ይመለሳል። ጃኩን ቀጥ አድርጌ ይዤ በ400 ኸርዝ 8.9 ቮልት ስሰጠው ከመውጫው 0.86 አገኘሁ። ዲአዩ በፋንተም ይሠራል። ጋሼ፣ ጃኩን ራሴ ልክፈተው ወይስ ላምጣው? ገመዱንስ በምን ልለየው?

ብየዳ_አዘዞ

0.86 ጥሩ ነው። ዕቃው ጤነኛ ነው፤ በሽታው ጃኩ ላይ ብቻ ነው።

ከሁለት አንዱ ነው። የውጪው ዳዶ ላልቶ ጃኩ በሙሉ እየተወዛወዘ ከሆነ ከብየዳው ላይ ጭነት ፈጥሯል። ዳዶውን በቁልፍ ስታጠብቅ ጃኩ አብሮ እንዳይዞር ከውስጥ ወይም ገመድ ሰክተህ ያዘው፤ ከዞረ ያለውንም ብየዳ ይሰነጥቀዋል። ከፍተህ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን በብርሃን ብታየው በጃኩ እግር ዙሪያ ፀጉር የምታህል ክብ ስንጥቅ ታገኛለህ ብዬ እገምታለሁ። አሮጌውን የብየዳ ቆርቆሮ (ሶልደር) በመምጠጫ አንሳና 60 በ40 በሆነው ቆርቆሮ፣ ጫፉ 350 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ካውያ፣ በእያንዳንዱ እግር ከ3 እስከ 4 ሰከንድ በየደው። በአሮጌው ላይ አዲስ መደረብ ብቻውን አይበቃም፤ ቆሻሻው ከሥር ይቀራል። ካውያህ ሙቀት መቆጣጠሪያ ከሌለው ወይም እጅህ ካልለመደው ለጥገና ባለሙያ ስጠው፤ የሰሌዳው የመዳብ ቀለበት ከተነሳ ሥራው ሌላ ነው።

ሁለተኛው፣ የጃኩ ምላስ ሰፍቶ ጫፉን በደንብ ሳይዝ ሲቀር ነው። ምላሱን በቀጭን መንጠቆ ትንሽ ወደ ውስጥ መመለስ ይቻላል፤ ሲሰካ ቀጭ ብሎ መያዝ አለበት። ልል ሆኖ ከቀጠለ ጃኩ ይቀየር። ለማጽዳት አልኮል ይበቃል። ፋርማሲ የሚገኘው ባለ 70 ከመቶ አልኮል ቀሪው ውሃ ነውና ሳይደርቅ አትሰካ። የበር ማጠፊያ ዘይት የሚረጩ አሉ፤ አቧራ ይሰበስባል እንጂ አያጸዳም። ከጨረስክ በኋላ ያንኑ የመግፋት ፍተሻ 20 ጊዜ እየነቀልክ እየሰካህ ድገመው።

ገመዱ ቀላል ነው። የጃኩን ቆብ አዙረህ ክፈት። በመሃል አንድ ቀጭን ሽቦ፣ ዙሪያውን የተጠለፈ መረብ ካየህ የጊታር ገመድ ነው። ውፍረታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሽቦ ከሆነ የስፒከር ነው። የጊታሩ ገመድ ለአምፕ መውጫ አይሆንም፤ የመሃሉ ሽቦ ቀጭን ስለሆነ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ መረቡን ይነካና ሾርት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ገመድ ከዕቃው ጋር አትስጥ፤ ገዢው «አብሮት የመጣ ነው» ብሎ ይጠቀምበታል። በምትኩ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ባለ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ሁለት ፍሬ ተጣጣፊ ገመድ አንድ ሜትር ገዝተህ 6.35 ሚሊሜትር ሞኖ ጃክ በሁለቱም ጫፍ በይድለት፤ አንዱ ቀለም ለጫፉ፣ ሌላው ለእጀታው፣ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት። ወጪው ከዋጋው አንጻር ምንም አይደለም፤ ሽያጩን ግን ያፋጥነዋል።

ቅዳሜ_ገበያ_ማዶ

ስለ ዋጋው ማንም አልመለሰልህም፤ ልሞክር።

የገዛህበትን ዋጋ እርሳው፣ በተለይ ከሐምሌ 2016 በፊት ከሆነ። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የድሮውን ብር መነሻ ያደረገ ሻጭ ወይ ይከስራል ወይ ገዢ ያጣል። መነሻህ ዛሬ አዲሱ ዕቃ ጎንደር እጅ ላይ ሲደርስ የሚያወጣው ይሁን፦ የውጭ ዋጋው በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ፣ ማጓጓዣው፣ ቀረጡ። ከዚያ ካርቶን ለሌለው፣ ጃኩ ለተጠገነ፣ ዋስትና ለሌለው ዕቃ ከግማሽ በላይ ከሁለት ሦስተኛ በታች ብትል ፍትሐዊ ነው እላለሁ። ቲዩብ አምፕ ያለው ሰው ጥቂት በሆነበት ከተማ ወደ ግማሹ የቀረበው ቶሎ ይሄዳል። «የመጨረሻ ስንት?» ከመምጣቱ በፊት ዝቅተኛህን ለራስህ ወስነህ ቁጭ በል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ተወው፤ ቁም ነገረኛው ገዢ አልፎት ነው የሚሄድ። ቁጥሩን ጻፍ።

ጊዜውም ይታሰብበት። ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ወቅት ጥምቀቱም ሠርጉም ያለበት ነው፤ ባንዶች ሥራ አላቸው፣ ዕቃም ያያሉ። ጾም ሲገባ የምሽት ቤቶች ይቀዘቅዛሉ፣ ገዢውም ያመነታል። ማስታወቂያው ታኅሣሥ ውስጥ ቢወጣ እመርጣለሁ።

ማሳየቱ አምፕና መብራት ባለበት ይሁን። ፒያሳ አካባቢ ካሉት ሆቴሎች መድረካቸው ከሰዓት በኋላ ባዶ ነው፤ አስፈቅዶ ግማሽ ሰዓት መጠቀም ይቻላል። መብራት ቢጠፋ አምፑን ወዲያው ከማብሪያው ዝጉት፤ ሲመለስ የሚመጣው ዝላይ የሚጎዳው እሱን ነው። አቴንዩተሩ ራሱ፣ ለዲአዩ አዳፕተር ካልተጠቀሙ በቀር፣ ከግድግዳ ስለማይሰካ 220 ይሁን 120 የሚለው እሱን አይመለከተውም። ገዢው ከአሜሪካ የመጣ 120 ቮልት አምፕ ካለው ግን ማውረጃ ትራንስፎርመር ለአምፑ ያስፈልገዋል፤ ይህንንም ይጠይቁሃል።

ክፍያ ላይ ጥብቅ ሁን። ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም፤ በስልክ በደቂቃ ይሠራል። የጽሑፍ መልእክትም ብቻውን አይበቃም፤ የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣ፣ ከሌላ ቁጥር የመጣ «ገቢ ሆኗል» ሐሰተኛ ነው። ቴሌብርም ይሁን ንግድ ባንክ የራስህን መተግበሪያ ከፍተህ ቀሪ ሂሳብህ መጨመሩን ካየህ በኋላ ዕቃውን ከእጅህ አውጣ። ኔትወርክ የለም ካለህ ኔትወርኩ እስኪመጣ ሻይ ጠጡ።

በሁለት ቅጂ አጭር የሽያጭ ወረቀት ጻፉ፦ የዕቃው ስም፣ ኦሙ፣ ሲሪያል ቁጥሩ፣ ዋጋው፣ ቀኑ፣ የሁለታችሁ መታወቂያ ቁጥር፣ አንድ ምስክር። ሲሪያሉን በማስታወቂያው ፎቶ ላይ ሙሉውን አታሳይ፤ የመጨረሻዎቹን ሸፍናቸው። ለገዢው ግን በአካል ይየው፤ የተሰረቀ አለመሆኑን ማወቅ መብቱ ነው።

ገዢው አዲስ አበባ ከሆነ ከአዘዞ በአውሮፕላን ካርጎ መላክ ይቻላል። ውስጡ ከባድ ጥቅል ሽቦ ስላለ ከወደቀ ብየዳው ነው የሚለቀው። በአረፋ ፕላስቲክ ሦስት ዙር፣ ከዚያ ካርቶን፣ ከዚያ በሁሉም በኩል 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት በተጨማደደ ጋዜጣ ተሞልቶ ሁለተኛ ካርቶን። ከመላክህ በፊት ነቅንቀህ ምንም እንደማይንኳኳ በቪዲዮ ያዝ። ተቀባዩም ሳይሰካ እንዲሁ ይነቅንቀው፣ ኦሙንም ይለካ፤ 6.9 ካልሰጠ አምፕ ላይ አያገናኘው።

ማራኪ_ስድስት_ክር

የገመዱን ጃክ ከፈትኩት፤ መረብ አለበት፣ የጊታር ነው። አዲስ ተሠርቷል። የመግቢያው ጃክ ሁለት እግር ተሰንጥቆ ነበር፣ ተበይዷል፣ 20 ጊዜ ተሰክቶ 6.9 ላይ ጸንቷል። ማስታወቂያው አሁን ይህ ነው፦

«ቱ ኖትስ ቶርፒዶ ካፕተር፣ 8 ኦም ብቻ፣ 100 ዋት። ለቲዩብ ጊታር አምፕ፤ እስከ ጥግ ለሚከፈት አምፕ እስከ 50 ዋት ይመከራል። ለ4 ወይም ለ16 ኦም መውጫ አይሆንም፤ ለትራንዚስተር አምፕ አያስፈልግም። ድምፅን በ20 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ዝም አያሰኝም። ያለ ካቢኔት በዲአይ መውጫው ወደ ሚክሰር ወይም ኢንተርፌስ ይሠራል፤ 48 ቮልት ፋንተም ወይም አዳፕተር ይፈልጋል። የዲሲ ንባብ 6.9 ኦም፤ በ10 ዋት 15 ደቂቃ ተፈትኗል። 1 ሜትር የስፒከር ገመድ አብሮት አለ። ካርቶንና አዳፕተር የለውም። ከመደወልዎ በፊት የአምፕዎን ሞዴልና የስፒከር መውጫውን ፎቶ ያዘጋጁ። ጎንደር፣ በሙከራ።» ዋጋው ከታች በቁጥር ይገባል።

ብየዳ_አዘዞ

ደህና ሆኗል። «ምንም ያልተነካ» የምትለውን ማውጣትህ ልክ ነው፤ በቦታዋ ግን ምንም አልገባም። «የመግቢያው ጃክ እንደገና ተበይዷል» ብለህ ጻፍ፣ የብየዳውንም ፎቶ ጨምር። ገዢው አንድ ቀን ሲከፍተው አዲስ ቆርቆሮ ያያል፤ ካንተ አስቀድሞ ይስማው።

ሚክሰር_ጀርባ

የመጀመሪያው ፎቶ «8 ኦም» የሚለው ጽሑፍ በቅርብ የተነሳበት ይሁን፤ ቴሌግራም ላይ ብዙ ሰው ከመጀመሪያው ፎቶ በኋላ አያነብም።